መጥፋት የሚያውቅ ብርሃን

የእናቴ ጀልባ ዛሬም አልሄደችም፣
ሎክታክ ሐይቅ ላይ፣ ከእምቦጩ መሃል፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አትልም።
አበባው ለዓይን ሙሽራ፣ ሥሩ ግን የማይጠግብ፣
ለዓሣው ፀሐይ የሚከለክል፣ ባለመረቡን የሚያስርብ።

እኔ ሊንቶይ፣ ልጇ፣ ኢምፋል የኬሚስትሪ ተማሪ፣
በጆንያ ጠቅጥቄ ወሰድኩት ያንን ወራሪ።
«ምን ሊሆንሽ?» አለች ኢማ ኢቤምሃል፣ መቅዘፊያዋን ተደግፋ።
«ላበስለው።»
«አረም ለማብሰል ነው እንዴ አሥራ ስድስት ዓመት የተለፋ?»

አጠብኩት። ጭቃው ሦስት ባልዲ ውሃ ጨረሰ።
ጣሪያ ላይ አሰጣሁት፤ ሳልጠራው ዝናብ ደረሰ።
ደግሜ አሰጣሁት። ሲንኮሻኮሽ ፈጨሁት፣
ቴፍሎን በለበሰ የብረት ሆድ ውስጥ ከውሃ ጋር ዘጋሁት።
መቶ ሰማንያ ዲግሪ። አሥር ሰዓት። ሌሊቱን ሙሉ
ያለ ጭስ፣ ያለ ነበልባል፣ ብረት ውስጥ አለቀ ቁጣው ሁሉ።

ጠዋት ከፈትኩት፦ ጥላሸት፤ የተቃጠለ ስኳር ሽታ።
በሐምራዊው መብራት ሥር ያዝኩት፤
አንድ ጭላንጭል፣ እንቅልፍ የጣለው ዓይን ይመስል፣ ታየ ለአፍታ፣
ተከደነ።
«እሳት አመድ ወለደ» ይባል የለ? እኔም አመዴን ታቀፍኩ፣
ልጁ ያላማረለት ወላጅ ሆኜ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

«ናይትሮጅን ርቦታል» አለችኝ ዶክተር ጋምቢኒ፣
ስለ ጎረቤት ልጅ እንደምታወራ፤
«አብዪው። የራበው ልጅ ነው የሚያስቸግር፤ አትዘኚ።»

አጎቴ የሩዝ ማሳ አለው። ከዩሪያው ጆንያ ጥግ
አንድ ጭብጥ ቀነሰልኝ፣ ዋጋውን እያጉረመረመ።
ሩዙ ይቀየመኛል አለ።

እንደገና። ቅጠሉ፣ ውሃው፣ ዩሪያው፣ ብረቱ፣ ሌሊቱ።
ቡናማውን ጭማቂ አጥልዬ በስስ ሽፋን ቋጠርኩት፤
እንደ ኩላሊት ነው ብልሃቱ፣
ጉድፉን ወደ ውጪ እንዲያሾልክ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት።
ውሃውን ስለውጥ፣ ስለውጥ፣ ቅዳሜንና እሁድን ረሳሁት።

ከዚያ መጋረጃው። ከዚያ ሐምራዊው መብራት።

ሰማያዊ!
ሙቀት የሌለው የጋዝ ምድጃ ነበልባል፤
ከጠጉር ውፍረት አሥር ሺህ ጊዜ ያነሰ የከሰል ፍርፋሪ፣
እምቦጭ ነበርኩ ሳይል፣ ጭቃ ነበርኩ ሳይል፣
ብልቃጡን ሞልቶ ያበራል።
አመድም ለካ እሳት ይወልዳል።

ኢማ ዓሣ ሸጣ ስትመለስ አሳየኋት።
ቅርጫቷን ከራሷ ሳታወርድ ቆማ አየችው።
«ይሄ ያ አረም?»
«ያው ነው።»
«ዓሣ ይጠራል?»
«አይጠራም።»
«ታዲያ ምን ይሠራል?»
«ይጠፋል፣ ኢማ።
ብረት የበዛበት ውሃ ጠብ ሲልበት ይጠፋል።
መጥፋቱ ነው ንግግሩ።»
«ሲጠፋ የሚመሰገን መብራት» አለች፣ «አይቼ አላውቅም።»

ከግቢያችን ፓምፕ የቀዳሁትን ጠርሙስ ከፈትኩ።
አንድ ጠብታ፦ ደበዘዘ።
ሁለት፦ ፈዘዘ።
ሦስት፤
ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የቀረው
ከኢማ ቅርጫት የሚመጣው የዓሣ ሽታ ነው።

ትደነግጣለች ብዬ ነበር።
«ዋናውን መብራት አብሪው» አለች፣
የነጭ ኢናፊዋን ጫፍ ከትከሻዋ ስባ ዘረጋችልኝ፦
ዝጎ፣ የአሮጌ ምስማር መልክ ይዞ።
«አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ውሃ አጠብኩት፣
አሥራ ሁለት ዓመት ነገረኝ።
ለመንደሩ ሹም ወስጄ ባሳየው፣
‹ጨርቅ አይመሰክርም› አለኝ።»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ ናሙና ሰባት፣ ጠፋ።
ከጎኑ፣ ለቁጥር በተተወው ባዶ ቦታ፣
የእናቴን ስም።

እሷ ቅርጫቷን አስተካክላ በሩ ላይ ዞር አለች፦
«ነገ ሁለት ጆንያ ይዘሽ ነይ።
እምቦጩ እንደሆነ አያልቅም።»